ቁረጡልን ባዮች

"ይረዝማል" የሚባል ፍርድ አለ። ይግባኝ የለውም። መጽሐፉ እንዴት ነበር? ይረዝማል። ተውኔቱስ? ይረዝማል። ሙዚቃውስ? ኧረ እሱስ ጭራሽ አያልቅም! በቃ፤ ችሎቱ ተበተነ። ከምን ረዘመ ብሎ የሚያጣራ የለም። ከሚገባው ነው? ከለመድነው ነው? ወይስ ከያዝነው ቀጠሮ? የመጀመሪያው ስለ ሥራው ይናገራል። ሁለተኛው ስለ ጆሯችን፣ ሦስተኛው ስለ ሰዓታችን ነው። እኛ ግን ሦስቱንም በአንድ ቃል ጠቅልለን በሥራው ራስ ላይ እንጥላለን።

ዛሬ ጥብቅና የምቆምለት ተከሳሽ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ይሆን ይሆናል። የቫዮሊን ኮንሰርቶ ነው፤ ለዚያውም ረጅሙ። ኮንሰርቶ ማለት አንድ ተጫዋች በሙሉ ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ የሚጫወተው፣ ብዙውን ጊዜ በሦስት ክፍል የተሠራ ድርሰት ነው። ቪቫልዲ ሲጽፈው 10 ደቂቃ ገደማ ነበር። ባኽ ወደ ሩብ ሰዓት አደረሰው። በሞዛርት እጅ ግማሽ ሰዓት ተጠጋ። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ዘር በቀለ። የቤትሆቨን ከ40 ደቂቃ ያልፋል። የብራምስ 40 ገደማ ነው። የእንግሊዛዊው ኤልጋር 50 አካባቢ ይደርሳል። የጀርመናዊው የማክስ ሬገር አንድ ሰዓት ሊሞላው ትንሽ ነው የሚቀረው። የስዊድናዊው የአላን ፔተርሾን ሁለተኛ ኮንሰርቶ ደግሞ ከ50 ደቂቃ በላይ በአንድ ትንፋሽ፣ ክፍል እንኳ ሳይለይ ይሄዳል።

እነዚህን ነው እንግዲህ "ቁረጡልን" የሚሉት። አንዳንዱ ከመድረክ ላይ ሆኖ ይላል፤ አንዳንዱ ከቀረጻ ክፍል፤ አብዛኛው ግን ከመቀመጫው ላይ ሆኖ፣ ሰዓቱን እያየ ነው።

ክሱ አዲስ አይደለም። በ1806 ዲሴምበር 23 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቪየና ከተማ ፍራንዝ ክሌመንት የተባለ ቫዮሊነኛ የቤትሆቨንን ኮንሰርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተ። ድርሰቱ የሚጀምረው በቫዮሊን አይደለም፤ በከበሮ ነው። አምስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። ከዚያ ኦርኬስትራው ብቻውን ይቀጥላል። ተጫዋቹ ቫዮሊኑን ይዞ ሦስት ደቂቃ ያህል ቆሞ ይጠብቃል። ሰው ሊያየው የመጣው እሱን፣ እሱ ግን ዝም! የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን ከ20 ደቂቃ በላይ ይወስዳል።

ተቺው ምን አለ? ድርሰቱ ውብ ነገሮች እንዳሉት አምኖ፣ አያያዙ የተበጣጠሰ እንደሚመስልና ተራ የሆኑ ሐረጎች ማለቂያ በሌለው ሁኔታ መደጋገማቸው እንደሚያሰለች ጻፈ። በዚያው ምሽት ክሌመንት የራሱን ድርሰት ቫዮሊኑን ገልብጦ ይዞ በአንድ አውታር ብቻ ተጫወተ። ይኼኛው አላሰለቸም ይሆናል። ሰርከስ መቼ ያሰለቻል!

ከዚያ በኋላ ኮንሰርቶው ወደ 40 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እምብዛም የሚያነሣው አልነበረም። ከተኛበት የቀሰቀሰው በ1844 በለንደን የተጫወተው ዮሴፍ ዮአሂም ነው፤ ኦርኬስትራውን የመራው ሜንዴልሶን ነበር። ዮአሂም ያኔ 12 ዓመቱ ነው። አዋቂዎቹ "ይረዝማል" ያሉትን አንድ ልጅ ተሸክሞት ወጣ። ዛሬ ያ ኮንሰርቶ ረዘመብኝ የሚል ቫዮሊነኛ ቢገኝ ሙያውን ቢለውጥ ይሻለዋል ይባላል። ታዲያ ከ1806 ወዲህ ምን ተለወጠ? ድርሰቱ አንዲት ኖታ አላጠረም። ያጠረው የኛ አለመልመድ ነው። እንግዲህ "ይረዝማል" ከሚባሉት ፍርዶች ቢያንስ ከፊሎቹ "አልለመድኩትም" ማለት መሆናቸውን እዚህ ላይ እንመዝግብ።

አሁን ወደ መድረኩ እንውጣ። ሳራሳቴ የሚባል ስፔናዊ ቫዮሊነኛ ነበር፤ በዘመኑ አውሮፓን ያንበረከከ ኮከብ። የብራምስን ኮንሰርቶ ተጫወት ሲሉት እምቢ አለ ይባላል። ምክንያቱ? በሁለተኛው ክፍል መክፈቻ ላይ ያንን የመሰለ ዜማ የሚጫወተው ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ ነው። እኔ ቫዮሊኔን ይዤ ቆሜ ኦቦ ዜማውን ሲጫወት ላዳምጥ? የማይመስል ነገር! አለ።

ይኼ ታሪክ ያስቃል፤ ግን ምሥጢሩን ያወጣል። ኮንሰርቶ የረዘመው ቫዮሊነኛው ብዙ ስለተናገረ ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹም እንዲናገሩ ስለተፈቀደላቸው ጭምር ነው። በፊት ኦርኬስትራው አጃቢ ነበር፤ ጌታው ሲናገር ራሱን የሚነቀንቅ አሽከር። ቤትሆቨንና ብራምስ አሽከሩን ወንበር ሰጥተው አስቀመጡት። ወንበር የተሰጠው ሰው ደግሞ ይናገራል። ሐሳብ ያነሣል፣ ይቃወማል፣ ጌታው የጀመረውን ተቀብሎ ሌላ ቦታ ያደርሰዋል። የአንድ ሰው ዲስኩር በ10 ደቂቃ ሊያልቅ ይችላል። የሁለት ሰዎች እውነተኛ ጭውውት በ10 ደቂቃ አያልቅም። ካለቀ ወይ ተጣልተዋል፣ ወይ አንዱ ዋሽቷል።

እና ኮከቡ "ይረዝማል" ሲል አንዳንዴ ምን ማለቱ ነው? "ሌላው ሰው ብዙ ተናገረ" ማለቱ ነው። ይኼን ዓይነት ሰው በየስብሰባው እናውቀዋለን። እሱ አንድ ሰዓት ሲናገር ሰዓት የሚባል ነገር አልተፈጠረም። ሌላው እጁን ሲያወጣ "ጊዜ ስለሌለን በአጭሩ" ይላል።

መቁረጥ ሁሉ ኃጢአት ነው እንዳትሉኝ። እኔ ሥነ ጽሑፍ አስተምር የነበርኩ ሰው ነኝ፤ መቀስን አልጠላም። ጥያቄው መቀሱ በማን እጅ ነው የሚል ነው። ብራምስ ይኼንኑ ኮንሰርቶ ሲጀምር በአራት ክፍል ሊሠራው አስቦ ነበር። መካከል ላይ የነበሩትን ሁለቱን ራሱ አወጣቸው፤ በምትካቸው አንድ ዝግ ያለ ክፍል ጻፈ። ሳራሳቴን ያስቀየመችው የኦቦ ዜማ ያለችው እዚያ ውስጥ ነው። በ1879 ጃንዋሪ 1 በላይፕዚግ ዮአሂም ሲጫወተው አዳራሹ የሰማው እንግዲህ ደራሲው ቆርጦ፣ አመዛዝኖ፣ "ይኼ ይበቃል" ብሎ የተወውን ነው። ደራሲ ሲቆርጥ የሚቀረውን እያሰበ ይቆርጣል። ሌላው ሲቆርጥ ግን የሚያስበው የሚሄድበትን ቀጠሮ ነው።

ቻይኮቭስኪን ተመልከቱ። የሱን ኮንሰርቶ ዝነኛው አስተማሪ ሌኦፖልድ አወር መጀመሪያ አልጫወትም አለ። ኋላ ላይ ተቀበለው፤ ግን በራሱ መንገድ አስተካክሎና መጨረሻው ክፍል ላይ የሚደጋገሙ ሐረጎችን ቆርጦ ነው። አወር የታላላቅ ቫዮሊነኞች መምህር ነበር፤ ሃይፌትዝም የሱ ደቀ መዝሙር ነው። ደቀ መዛሙርቱ የመምህራቸውን መቀስ ወረሱ። የነሱ ሸክላዎች ደግሞ ዓለምን አዳረሱ። ለአሥርተ ዓመታት ብዙ ሰው "የቻይኮቭስኪ" ብሎ የሰማው የቻይኮቭስኪና የአወር ነበር ማለት ነው። መቀስ እንደዚህ ነው፤ አንዴ ከገባ ማንም አያየውም። የጎደለ ነገር ድምፅ የለውም።

ከመድረኩ ወደ ማሽኑ ደግሞ እንሂድ። የድሮው ሸክላ አንድ ገጹ የሚይዘው አራት ደቂቃ ያህል ነበር። ኤልጋር ኮንሰርቶውን በ1910 በለንደን ፍሪትዝ ክራይስለር ተጫውቶለት ሕዝብ ካየው በኋላ፣ በ1916 ከቫዮሊነኛዋ ከሜሪ ሆል ጋር ሸክላ ላይ ሲያስቀርጸው 50 ደቂቃ ገደማ የሚሆነውን ሥራ እጅግ አድርጎ ማሳጠር ግድ ሆነበት። ቆራጩ ራሱ ደራሲው ነበር፤ ያስቆረጠው ማሽኑ ነው። ይቅር እንበለው፤ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። በ1932 ግን ያው ኤልጋር፣ ያኔ 16 ዓመቱ ከነበረው ከይሁዲ ሜኑሂን ጋር ሙሉውን ቀረጸው። አሁንም ልጅ ነው የተሸከመው፤ አስተዋላችሁ? ሸክላውን እየገለበጡ መስማት ነበረባቸው፤ ገለበጡና ሰሙ።

ከዚያ ረጅም የሚያጫውት ሸክላ መጣ። ከዚያ ሲዲ መጣ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚይዝ። ዛሬ ደግሞ በኪሳችን የያዝነው ስልክ የሬገርን፣ የኤልጋርንና የፔተርሾንን ኮንሰርቶ ከነ ቅም አያቶቻቸው ይይዛል። ማሽኑ ሰበቡን ካጣ ቆይቷል። መቀሱ ግን አለ! ስሙን ቀይሮ ነው የመጣው። "ምርጥ ምርጡን" ይባላል አሁን። "ለመዝናኛ የሚሆኑ ዝግ ያሉ ክፍሎች" ይባላል። ከአንዱ ኮንሰርቶ ሁለተኛውን ክፍል፣ ከሌላው ሦስተኛውን እየመዘዙ አንድ ላይ ይሰፉታል። ድሮ ማሽኑ ጠቦን ቆረጥን፤ ዛሬ ማሽኑ ሰፍቶ እኛ ጠበብን።

ምን ችግር አለው ትሉኝ ይሆናል። የሚጥመኝን ወስጄ የማይጥመኝን ብተው ማን ይከሰኛል? ማንም። ግን ምን እንደምታጡ ልንገራችሁ።

የኤልጋርን ኮንሰርቶ ሦስተኛ ክፍል እንውሰድ። ክፍሉ እየሮጠ ይመጣና ወደ ማብቂያው ሲቃረብ በድንገት ይቆማል። በሌሎች ኮንሰርቶዎች እዚህ አካባቢ ካዴንዛ የሚባል ነገር አለ፤ ኦርኬስትራው ዝም ብሎ ተጫዋቹ ብቻውን የጣቱን ጉድ የሚያሳይበት ቦታ። ኤልጋር ግን ኦርኬስትራውን ዝም አላሰኘውም። ባለ አውታሮቹ በጣታቸው ጫፍ አውታሩን እየዳሰሱ፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ክራር ያለ ድምፅ ያሰማሉ። በዚያ ላይ ብቸኛው ቫዮሊን ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው ክፍል ያሳለፍናቸውን ዜማዎች አንድ በአንድ ያነሣል። የጣት ጉድ ማሳያ የነበረው ቦታ የትዝታ ቦታ ሆነ። ቫዮሊኑ ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ዞሮ የመጣበትን መንገድ ያያል።

ልብ በሉ። ትዝታ የሚሠራው መጀመሪያ የሆነ ነገር ሲኖር ነው፤ ከዚያም ያ ነገር ሲርቅ። ከግማሽ ሰዓት በፊት የሰማኸው ዜማ ተመልሶ ሲመጣ ልብህን የሚነካው ግማሽ ሰዓቱ ስላለፈ ነው። በመካከሉ ብዙ ነገር ሰምተሃል፤ ረስተኸውም ነበር። ሦስተኛውን ክፍል ብቻ ቆርጦ የሚሰማ ሰው ግን ምኑን ያስታውሳል? ያላወቀውን ሰው ሊናፍቅ ነው? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኼ ነው። ዜማው ያው ነው፤ ኖታው ያው ነው፤ የጠፋው ርቀቱ ነው። ርቀቱ ደግሞ የተሠራው በደቂቃዎች ነው። እነዚያ "የረዘሙ" የተባሉት ደቂቃዎች የትዝታው ዋጋ ነበሩ።

ለባልትና አዋቂ ይኼን መንገር ትርፍ ነገር ነው። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ገና ሳይበስል ዶሮው ቢገባበት የሚወጣው ነገር መልኩ ወጥ ነው፤ ቤተሰቡ ግን አንድ ጊዜ ጎርሶ ይተያያል። "ቁሌቱ ረዘመ" ብሎ የሚያማርር ባል ካለ ወጡን አይብላ። ጊዜው ከወጡ ውጭ አይደለም፤ ከቅመሞቹ አንዱ ነው።

አሁን የተቃዋሚዎቼን ጠንካራ ነጥብ ላንሣ፤ ደካማውን ብቻ እየመረጡ መምታት የፈሪ ዱላ ነውና። ሦስት ነገር ይሉኛል።

አንደኛ፦ ተጫዋቹም ሰው ነው፣ ክንድ አለው፣ ይደክመዋል። እውነት ነው። ግን ይኼ ጥያቄ እንዴት እንደሚመለስ ከሩሲያውያኑ እንማር። ሾስታኮቪች የመጀመሪያውን የቫዮሊን ኮንሰርቶውን በ1948 ጨረሰው። በዚያው ዓመት የስታሊን መንግሥት እሱንና ሌሎች ደራሲያንን በይፋ ስላወገዘ ሥራው መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። የተሰማው ስታሊን ከሞተ በኋላ፣ በ1955 ነው። ተጫዋቹ ዳቪድ ኦይስትራክ ነበር። በሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ብቻውን የሚጫወተው ረጅምና አድካሚ ካዴንዛ አለ፤ እሱ እንዳለቀ ያለ እረፍት የመጨረሻው ክፍል ይጀምራል። ኦይስትራክ ደራሲውን ለመነው፦ እባክህ የመጨረሻውን ክፍል መክፈቻ ለኦርኬስትራው ስጠው፤ ቢያንስ የግንባሬን ላብ ልጥረግበት! ሾስታኮቪች እሺ አለ። ለኦርኬስትራው ሰጠው።

እዩት እንግዲህ። ኦይስትራክ "ካዴንዛውን ቁረጥልኝ" አላለም። ላቤን የምጠርግበት ጊዜ ስጠኝ ነው ያለው። የደከመ ሰው እረፍት ይጠይቃል እንጂ ሥራው ይጉደል አይልም። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቅ አንባቢ ይኼን በቀላሉ ይረዳዋል። ማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል። አባቶች ጉልበት እንደሚከዳ አላጡትም። ታዲያ ዜማውን አልቆረጡትም፤ መቋሚያ ሠሩ እንጂ።

ሁለተኛ፦ አዳራሽ ገንዘብ ነው፣ የኦርኬስትራ ሰዓት ውድ ነው፣ አድማጩም ወደ ቤቱ መግባት አለበት። ይኼም እውነት ነው። የተለመደው የኮንሰርት ዝግጅት አጭር መክፈቻ፣ ከዚያ ኮንሰርቶ፣ እረፍት፣ ከዚያ ሲምፎኒ ነው። አንድ ሰዓት የሚጠጋ ኮንሰርቶ ሲመጣ ይኼ ሁሉ ይናጋል። ሬገር በ1908 በላይፕዚግ በታላቁ ኮንዳክተር በኒኪሽ መሪነትና በአንሪ ማርቶ ቫዮሊን ቢጀመርም ከዚያ በኋላ የአዳራሾች እንግዳ እንጂ ቤተኛ ሊሆን ያልቻለው በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ግን መፍትሔው ቀላል ነው፤ መክፈቻውን ተውት! ወይም ሲምፎኒውን አጭር ምረጡ። እንግዳ ረጅም ከሆነ አልጋ ይረዘማል እንጂ የእንግዳ እግር አይቆረጥም። የግሪኮቹን የፕሮክሩስጤስን ተረት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እግር ቆራጩ ባለ አልጋ ሽፍታ ነበር።

ሦስተኛና ከባዱ፦ አንዳንዱ ሥራ እኮ በእውነት ከሚገባው በላይ ይረዝማል! ደራሲው ማቆም አቅቶት፣ ወይም "ትልቅ" ለመባል፣ ወይም ሐሳብ ሳይኖረው ወረቀት ስለነበረው። አዎ፣ አለ። እዚህ ላይ አልከራከርም። ሬገርን እወደዋለሁ ብዬ አልዋሽም፤ ኖታው ይበዛል፣ ስምምነቱ ያለ ማቋረጥ ይገለባበጣል፣ ጆሮ የሚያርፍበት ጥላ ያጣል። ይሁን እንጂ ልብ በሉ፤ ይኼን ስል ስለ ሰዓቱ አንድ ቃል አልተናገርኩም። የተናገርኩት ስለ ኖታው፣ ስለ ስምምነቱ፣ ስለ ጥላው ነው። ትችት ማለት ይኼ ነው። ከዚህ ጋር መስማማትም መጣላትም ይቻላል። አዶልፍ ቡሽ የተባለው ጀርመናዊ ገና ጎረምሳ ሳለ ይኼን ኮንሰርቶ በቃሉ አጥንቶ፣ ወንድሙ ፒያኖ እየመታለት፣ ሬገር ራሱ ፊት ተጫውቶታል። እሱ ጥላውን አግኝቶት ኖሯል ማለት ነው። "55 ደቂቃ ነው" ብሎ ፍርድ መስጠት ግን ትችት አይደለም፤ የዘበኛ ሥራ ነው። ያውም ሰዓቱ ራሱ አያስተማምንም። ሃይፌትዝ በ1949 የኤልጋርን ሲቀርጸው ከ45 ደቂቃ በታች ነው የፈጀበት፤ ሌሎች ከ50 በላይ ይወስዳሉ። ታዲያ ድርሰቱ ረጅም ነው አጭር?

ትክክለኛው መለኪያ አንድ ጥያቄ ነው፦ ይኼ ባይኖር ምን ይጎድላል? ምንም የማይጎድል ከሆነ አምስት ደቂቃም ረጅም ነው። የሦስት ደቂቃ ዘፈን ሰምታችሁ "መቼ ነው የሚያልቀው" ያላችሁበት ቀን የለም?

ይኼን ጥያቄ ሳንጠይቅ ስንቆርጥ ምን እንደሚሆን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ጆርጅ ሮክበርግ አሜሪካዊ ደራሲ ነው። ልጁ በ1964 በሕመም ሞተበት። ከዚያ በፊት በዘመኑ ምሁራን ዘንድ የተከበረውን፣ በጥብቅ ስሌት የሚሠራውን የሙዚቃ ስልት ይከተል ነበር። ልጁ ሲሞት ስልቱ ለሐዘኑ አልበቃው አለ። ቀስ በቀስ ወደ ድሮው፣ ዜማ ወዳለው ቋንቋ ተመለሰ። ባልደረቦቹ እንደ ከሃዲ አዩት። በ1974 የቫዮሊን ኮንሰርቶ ጻፈ፤ ረጅም ነበር፤ ከ50 ደቂቃ የማያንስ። የተጻፈው ለታላቁ ለአይዛክ ስተርን ነው። ስተርን ይረዝማል አለ። ሩብ ሰዓት የሚጠጋ ነገር ተቆርጦ በ1975 በፒትስበርግ ተሰማ።

ስተርን ክፉ ሰው ነበር አልልም። ሥራውን ይዞ በብዙ አዳራሾች ተጫውቶታል፤ እሱ ባይኖር ማን ይሰማው ነበር? ደራሲውም ተስማምቷል። ግን መስማማት ሁሉ መስማማት ነው? ዓለም የሚያውቀው ኮከብ "ካልቆረጥክ" ሲልህ፣ እንደ ከሃዲ የምትታይ ደራሲ "እሺ" ከማለት ሌላ ምን አለህ? ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ኮንዳክተሩ ክሪስቶፈር ሊንደን-ጊ የተቆረጠውን መልሶ ቦታው አስገባ፤ ሙሉውም ተቀረጸ። ሮክበርግ ያኔ በሰማንያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር፤ በ2005 ሞተ። ሙሉውን የጻፈ ሰው ሙሉውን ለመስማት ያን ያህል ጠበቀ። "ይረዝማል" ያልነው ሩብ ሰዓት ነው፤ እሱ ግን የጠበቀው ሩብ ምዕተ ዓመት! እስቲ የትኛው ነው ረጅሙ?

የመጨረሻው ምስክሬ ፔተርሾን ነው። በ1911 የተወለደ፣ በስቶክሆልም የድሆች ሰፈር ያደገ፣ የሰካራም አንጥረኛ ልጅ። የመጀመሪያ ቫዮሊኑን የገዛው የገና ካርድ ሸጦ ባጠራቀማት ሳንቲም ነው። አድጎ የኦርኬስትራ ተጫዋች ሆነ። ከዚያ የመገጣጠሚያ ሕመም ያዘውና እጁን ነሣው። ኋላ ኋላ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ተዘግቶ ቀረ፤ ደረጃውን መውረድ አቅቶት። እዚያ ተቀምጦ ግዙፍ ግዙፍ ሲምፎኒዎች ጻፈ። በ1977 እና በ1978 ደግሞ ሁለተኛውን የቫዮሊን ኮንሰርቶ ጻፈ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ቫዮሊኑ እረፍት የለውም ማለት ይቻላል። ኦርኬስትራው እንደ ማዕበል ይመጣበታል፤ ብዙ ጊዜ ይውጠዋል። እጅ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ድምፁ ግን አይሰማም። እንደገና ብቅ ይላል። እንደገና ይዋጣል። እንዲህ እየሆነ ደቂቃዎቹ ይነጉዳሉ። በስተመጨረሻ ማዕበሉ መሐል አንድ ቀላል ዜማ እየጠራ ይመጣል፤ ደራሲው ከሠላሳ ዓመት በፊት በወጣትነቱ "የባዶ እግር መዝሙሮች" ብሎ ከጻፋቸው ዘፈኖች አንዱ ነው። በ1980 ጃንዋሪ አይዳ ሄንደል ተጫወተችው። በዚያው ዓመት በጁን ፔተርሾን ሞተ።

እዚህ ላይ መቀስ ይዞ የሚመጣ ሰው የትኛውን ይቁረጥ? ማዕበሉን ከቆረጠው ዜማው ጣፋጭ የሕፃናት መዝሙር ይሆናል፤ ከምን እንዳመለጠ አይታወቅም። ዜማውን ከቆረጠው ጩኸት ብቻ ይቀራል። በደህና ጊዜ የሚሰማው ያልነበረ ሰው፣ ዕድል ሲያገኝ ረጅም ይናገራል። በየቤታችን እናውቀዋለን። ጠያቂ የሌላቸው አሮጊት አንድ ሰው ቤታቸው ሲገባ የሚያወሩትን ሰምታችኋል? ከልጅነታቸው ነው የሚጀምሩት። "እማማ፣ በአጭሩ" የሚላቸው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ይኼ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን የሚል አይጠፋም። ቫዮሊን እንግዳችን አይደለም። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ዓለም በፒያኖ ነው የሚያውቃቸው፤ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ፣ ኋላም በካይሮ ኮንቶሮቪች ከተባለ ፖላንዳዊ መምህር የተማሩት ግን ቫዮሊንም ነው። በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ዛሬም ቫዮሊን ያዘሉ ወጣቶች ሲገቡና ሲወጡ ይታያሉ። ደግሞስ ረጅም ነገር መስማት ከኛ በላይ ማን ያውቅበታል? ወጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በሬዲዮ ሲተርከው ሕዝቡ ሬዲዮ ከቦ ምዕራፍ በምዕራፍ ተከታትሎታል። ማንም "በዛብህ ምን እንደሆነ ቶሎ ንገረንና እንሂድ" አላለም። በማስተምርባቸው ዓመታት ግን "መምህር፣ ማጠቃለያው የለም?" የሚሉ ተማሪዎች ከዓመት ወደ ዓመት እየበዙ ሲመጡ አይቻለሁ። ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም። ማጠቃለያ ያነበበ ሰው መጽሐፉን አነበበ ተብሎ የሚቆጠርበት አገር ላይ መጽሐፉን ማንበብ ሞኝነት ይሆናል፤ እነሱም ሞኝ መሆን አልፈለጉም። ዕዳው የነሱ አይደለም፤ ማጠቃለያውን በሙሉው ዋጋ የተቀበልነው እኛ ነን።

ስለዚህ "ቁረጡልን" ባዮች ሆይ፣ ጥያቄያችሁን ላሳጥርላችሁ። አጭር ከፈለጋችሁ አጭር የተጻፈ አለላችሁ። ቪቫልዲ አለ፣ ባኽ አለ፣ ሜንዴልሶን አለ፤ አንዳቸውም ከሌላው አያንሱም። ግማሽ ሰዓት ያለው ሰው ሜንዴልሶንን ሙሉ ይስማና በደስታ ወደ ጉዳዩ ይሂድ። ኤልጋርን ደግሞ 50 ደቂቃ ያገኘ ቀን ይስማው። ባያገኝ ይተወው፤ መተው ነውር የለውም። ነውሩ ግማሹን ሰምቶ ሙሉውን መፍረድ ነው። ሬዲዮ ላይ ያላችሁም፣ ሙሉውን ማቅረብ ካልቻላችሁ ቁራጭ መሆኑን ለአድማጩ ንገሩት። ሥጋ ሻጭ እንኳ ሙሉ በግ ነው ብሎ ታፋ አይሸጥም።